ፎቅ ይፈቀድ ብንል ቤት ይረክሳል ወይስ መሬት ይወደዳል?

ጥያቄ፦ «የምንኖርበት ከተማ የመሬት አጠቃቀም ፕላኑን ሊከልስ ነው፤ ምክር ቤቱም ከነዋሪው የጽሑፍ ሐሳብ እቀበላለሁ ብሏል። እኔና ጎረቤቶቼ ተከራዮች ነን፤ ከገቢያችን ግማሽ ያህሉ ለኪራይ ይሄዳል። አንድ ወገን ከፍ ያለ ሕንፃ ይፈቀድ፣ ዋጋው በራሱ ይወርዳል ይለናል። ሌላው ደግሞ ፎቅ ሲፈቀድ የሚወደደው መሬቱ ነው፣ የሚሠራውም ለሀብታም ነው፣ ይልቅ ኪራይ ይታገድልን በሉ ይለናል። የቱ ነው ልክ? ምን ብለን እንጻፍ?»

ምላሽ፦

ሁለቱም ወገኖች ከእውነቱ ቁራጭ ቁራጭ ይዘዋል። የትኛው ቁራጭ እናንተ ላይ እንደሚደርስ የሚወስነው ግን ፎቁ የት እንደሚፈቀድ፣ ለስንት ባለይዞታ እንደሚፈቀድና ምን ምን ግዴታ እንደሚጫንበት ነው። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ማሻሻያዎች፣ አንዱ ቤት ሲያበዛ ሌላው መሬት አስወድዶ ብቻ ሲቀር ታይቷል። ስለዚህ ለምክር ቤቱ «እንደግፋለን» ወይም «እንቃወማለን» ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ ድካማችሁ ውኃ ይበላዋል። አንቀጽ በአንቀጽ መግባት ይኖርባችኋል።

አስቀድሜ አንድ የተሳሳተ እሳቤ ላንሳ። ብዙ ሰው የመሬት አጠቃቀም ደንብን እንደ ተራራና እንደ ወንዝ ከጥንት የነበረ ነገር አድርጎ ያየዋል። «ይህ የነጠላ ቤቶች ሰፈር ነው» ሲባል መሬቱ እንዲሁ ሆኖ የተፈጠረ ይመስለዋል። ነገሩ ግን የመቶ ዓመት ዕድሜ ያለው የሰው ሥራ ነው። ኒውዮርክ መላ ከተማዋን የትኛው ቦታ ለምን እንደሚውል እየለየ በዞን የከፈለውን ደንብ ያወጣችው በ1916 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ክፍፍል ሕጋዊ ያደረገው በ1926 ኦሃዮ ውስጥ ባለች ዩክሊድ በምትባል መንደር ጉዳይ ነው። በዚያ ፍርድ ላይ አንድ ልብ የሚባል ቃል አለ፦ በነጠላ ቤቶች መካከል የሚሠራ አፓርታማ የሰፈሩን መልካም ነገር የሚመጥ ጥገኛ ተብሎ ተጠርቷል። የፋብሪካን ጭስ ከመኝታ ቤት ማራቅ ተገቢ ነበር። ነገር ግን በዚያው ብዕር የብዙ ሰው መኖሪያ የሆነ ሕንፃም ከጭሱ ጋር ተደምሮ እንደ ጎጂ ነገር ተጻፈ፤ ያ አስተሳሰብ በየአገሩ ተቀድቶ ዛሬም በየደንቡ ውስጥ አለ። ሰው የጻፈው ነውና ሰው ሊያርመው ይችላል።

አሁን ወረቀትና እርሳስ ይያዙ። 10 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ፣ 200 ካሬ ሜትር ቦታ ይሣሉ፤ ጠባቡ ጎን መንገዱን ያያል። ደንቡ እስከ 4 ወለል ይፈቅዳል እንበል። ይህን የሰማ ሁሉ ብዙ ቤት የሚወጣ ይመስለዋል። ቀጣዩ አንቀጽ ግን ከፊት 5 ሜትር፣ ከኋላ 3 ሜትር፣ ከግራና ከቀኝ ሁለት ሁለት ሜትር ክፍት ይተው ይላል። ለሕንፃው የሚቀረው 6 በ12 ሜትር፣ ማለትም 72 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ደረጃውና መተላለፊያው ከየወለሉ 15 ካሬ ሜትር ያህል ሲወስዱ በየወለሉ 57 ካሬ ሜትር የሆነ አንድ ቤት፣ በድምሩ 4 ቤት ይወጣል። እስካሁን ያስኬዳል። ከዚያ ሦስተኛው አንቀጽ ይመጣል፦ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ የመኪና ማቆሚያ። አንድ መኪና ለመቆም ብቻ 2 ሜትር ተኩል በ5 ሜትር ይፈልጋል። በጎን የተተወው 2 ሜትር መኪና አያስገባም፤ ስለዚህም የኋላው ክፍት ቦታ መኪና አይደርስበትም። የሚቀረው የፊቱ ነው፤ በ10 ሜትር ላይ 4 መኪና ቢደረደር ሰው የሚገባበት በር ይጠፋል። ስለዚህ 3 መኪና፣ 3 ቤት። አራተኛው አንቀጽ ደግሞ በ100 ካሬ ሜትር መሬት ላይ ከአንድ ቤት በላይ አይሠራም ይላል እንበል። አሁን 2 ቤት ቀረ። ፎቁን ማንም አልከለከለም፤ ባለቤቱ ግን ሒሳቡን ሠርቶ አንድ ትልቅ ቪላ ያቆምበታል።

ያንኑ ቦታ እንደገና ይሣሉት። የጎኑ ክፍት ቦታ ይነሣና ሕንፃው ከጎረቤቱ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ይያያዝ፤ በጎን መስኮት የሌለው፣ እሳት የማያሳልፍ ግድግዳ ይሁን። ከፊት 2 ሜትር፣ ከኋላ 4 ሜትር ይተው። ሕንፃው 10 በ14፣ 140 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከየወለሉ 20 ካሬ ሜትር ለደረጃ ሲቀነስ 120 ይቀራል፤ አንዱ መንገዱን፣ ሌላው ጓሮውን የሚያይ፣ 60 ካሬ ሜትር የሆኑ ሁለት ቤቶች ይወጡታል። የመኪና ማቆሚያው ግዴታ መሆኑ ይቅርና የፈለገ ይሥራ ይባል፤ በቦታ ስፋት የተቀመጠው የቤት ቁጥር ገደብም ይነሣ። በ4 ወለል 8 ቤት ሆነ። ከመንገድ ለሚያየው ከፍታው ያው 4 ወለል ነው፤ የሚኖርበት ግን በሁለት ቤተሰብ ፋንታ ስምንት ነው። በሠላሳ ዓመት የከተማ ፕላን ሥራዬ የነዋሪዎች ክርክር በሙሉ «ስንት ፎቅ?» በሚለው ላይ ሲያልቅ፣ እነዚህ ትንንሽ አንቀጾች ማንም ሳያነሣቸው ሲያልፉ አይቻለሁ። ቤቱን የሚበሉት እነርሱ ናቸው።

ይህ የወረቀት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሂውስተን እንደ ሌሎቹ የአሜሪካ ከተሞች በዞን የተከፈለች ባትሆንም አንድ ቤት የሚሠራበት ዝቅተኛ የቦታ ስፋት ግን ነበራት፤ 465 ካሬ ሜትር ያህል። በ1998 በውስጠኛው የቀለበት መንገድ ክልል ይህን ወደ 130 ካሬ ሜትር ገደማ አወረደችው፤ በ2013 ደግሞ ለቀረው ከተማ አዳረሰችው። በዚያች አንዲት ቁጥር ለውጥ በአንድ ቪላ ቦታ ላይ ሦስትና አራት ተያያዥ ቤቶች እየቆሙ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ተሠሩ። ከአሜሪካ ከተሞች ቡፋሎ በ2017 የመኪና ማቆሚያ ግዴታን አነሣች፤ ሚኒያፖሊስ በ2021 ተከተለች፤ ኒውዚላንድ ደግሞ በ2020 ባወጣችው አገር አቀፍ መመሪያ ከተሞቿ ግዴታውን ከፕላናቸው እንዲያወጡ አደረገች። ግዴታው ተነሣ ማለት ማቆሚያ አይሠራም ማለት አይደለም፤ መኪና የሌለው ተከራይ ለመኪና ቦታ አይከፍልም ማለት ነው።

ወደ መሬት ዋጋው ልምጣ፤ ሁለተኛው ወገን የሚያነሣው ፍርሃት መሠረት አለውና። በቺካጎ በ2013 እና በ2015 በባቡር ጣቢያዎች ዙሪያ ተጨማሪ ግንባታ እንዲፈቀድ ተደርጎ ነበር። ቆይቶ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው በአምስት ዓመት ውስጥ የይዞታ ዋጋ ጨመረ፤ ግንባታው ግን ተጨማሪ ነገር አልታየበትም። ይህን ውጤት የሚጠቅሱላችሁ ሰዎች አልዋሹም። ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት ግን ለምን እንደዚያ ሆነ የሚለው ነው። የመገንባት መብት ለጥቂት ቦታዎች ብቻ ሲሰጥ የእነዚያ ቦታዎች ባለቤቶች ብቸኛ ሻጭ ይሆናሉ። አልሚው ሌላ የሚሄድበት ቦታ የለውምና የተጨመረው ጥቅም ሁሉ ወደ መሬቱ ዋጋ ይገባል። ባለቤቱም ነገ ይበልጥ ይጨምራል ብሎ ቦታውን ይዞ ይቀመጣል።

የኒውዚላንዷ ኦክላንድ በተቃራኒው ሄደች። በ2016 በጸናው ፕላኗ ከመኖሪያ መሬቷ ሦስት አራተኛ ያህሉ ላይ በአንድ ጊዜ ጠጋ ጠጋ ያለ ግንባታ ፈቀደች። በአምስት ዓመት ውስጥ የሚሰጠው የቤት ግንባታ ፈቃድ እጥፍ ገደማ ደረሰ፤ አብዛኛው ጭማሪ የመጣውም ከተያያዙ ቤቶች ነው። ጉዳዩን ያጠኑ የዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማሻሻያው ባይደረግ ኖሮ ኪራይ ሊደርስበት ይችል ከነበረው ከስድስት ዓመት በኋላ ከሩብ በላይ ዝቅ ብሎ እንደተገኘ ገምተዋል። በስሌቱ ላይ የሚከራከሩ ባለሙያዎች አሉ፤ ቤቱ መሠራቱን ግን ማንም በዓይኑ ያየዋል። እዚያ አንዱ ባለይዞታ ዋጋ ቢሰቅል አልሚው ወደሚቀጥለው መንገድ ይሄዳል፤ ተመሳሳይ መብት ያለው ሌላ ሺህ ባለይዞታ አለና።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ ይለዩ። «መሬት ተወደደ» ማለት ሁልጊዜ «ቤት ተወደደ» ማለት አይደለም። አንድ ቤት ብቻ የሚያስተናግድ ቦታ 100 ቢያወጣ፣ በዚያ ቤት ላይ የሚያርፈው የመሬት ዋጋ 100 ነው። ቦታው 8 ቤት ማስተናገድ ቢችልና ዋጋው እጥፍ ሆኖ 200 ቢገባ፣ በአንድ ቤት ላይ የሚያርፈው 25 ነው። ባለመሬቱም ተጠቀመ፣ ቤት ፈላጊውም ቀለለት። ይህ የሚሠራው ግን መብቱ ሰፊ ሲሆን ብቻ መሆኑን አይርሱ፤ ጠባብ ሲሆን 200 ሳይሆን 800 ይጠየቅበታል።

«የሚሠራው ለሀብታም ነው» የሚለውስ? አዎን፣ በግል ገንዘብ የሚሠራ አዲስ ቤት ባብዛኛው በመጀመሪያ የሚገባበት የተሻለ ገቢ ያለው ሰው ነው። ያ ሰው ግን ከአየር አልመጣም፤ የሚለቀው ቤት አለ። በሄልሲንኪ የሕዝብ መዝገብን ተከትሎ በተደረገ ጥናት በከተማው መሃል በገበያ ዋጋ የሚሸጥ ወይም የሚከራይ 100 አዲስ ቤት ሲሠራ፣ አንዱ የለቀቀውን ሌላው እየያዘ በሚሄደው ሰንሰለት ሳቢያ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከአማካይ በታች ገቢ ባላቸው ሰፈሮች 60 ያህል ቤቶች ይለቀቃሉ። አዲሱ ቤት ካልተሠራ ያ ባለ ገንዘብ ከተማውን ጥሎ አይሄድም፤ እናንተ የተከራያችሁትን ቤት ከእናንተ የበለጠ ከፍሎ ይወስደዋል። እጥረት ባለበት ሁሉ የሚሸነፈው ኪሱ የሳሳው ነው። ጥበትም ቢሆን ከፎቅ ብዛት የሚመጣ አይምሰላችሁ። ሙምባይ በ1964 ካወጣችው የወለል ስፋት ገደብ በኋላ እየጠበበች ሄዳ፣ በ1991 በዋናው ደሴት የሚሠራው ወለል ከቦታው ስፋት 1.33 እጥፍ እንዳይበልጥ አድርጋ ነበር። ሕዝቡ ግን መምጣቱን አላቆመም። ውጤቱ ቤተሰብ በአንድ ክፍል መታጎሩና ሕገ ወጥ ሰፈር መስፋፋቱ ሆነ።

ስለ ኪራይ እገዳው አጭር መልስ ልስጥ። አሁን ያለውን ተከራይ በቤቱ ላይ ያጸናዋል፤ ይህ እንደ ቀላል የሚታይ ጥቅም አይደለም። ነገ ቤት የሚፈልገውን ግን አይረዳውም፤ እገዳው አዲስ የሚሠሩ ቤቶችንም የሚያካትት ከሆነ ደግሞ ይጎዳዋል። የሚኒያፖሊስ ጎረቤት የሆነችው ሴንት ፖል በ2021 በሕዝብ ድምፅ ዓመታዊ የኪራይ ጭማሪን በ3 በመቶ ስትገድብ አዲስ የሚሠሩ ቤቶችንም በገደቡ ውስጥ አስገባች። የግንባታ ፈቃድ ጥያቄ ወዲያው አሽቆለቆለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ምክር ቤቱ አዲስ ቤቶችን ለ20 ዓመት ከገደቡ ነፃ ለማድረግ ተገደደ። ሚኒያፖሊስ ራሷ በ2018 መጨረሻ አንድ ቤት ብቻ የሚፈቅዱ ሰፈሮችን የሚያስቀር ፕላን አጽድቃ በዋና ዋና መንገዶች ዳር ትልልቅ ሕንፃዎችን ፈቀደች። ከ2017 እስከ 2022 የቤቶቿ ቁጥር በ12 በመቶ ሲያድግ ኪራይ የጨመረው በ1 በመቶ ብቻ ነው፤ በቀሪው የሚኒሶታ ግዛት ኪራይ በ14 በመቶ ጨምሯል። ዝነኛ ያደረጋት በነጠላ ቤቶች ሰፈር የተፈቀደው ባለ ሦስት ቤት ሕንፃ ቢሆንም፣ ቤቱን ያመጡት በመንገድ ዳር የቆሙት ባለ ብዙ ክፍል ሕንፃዎች መሆናቸውን ልብ ይበሉ። ስለዚህ ምክሬ የኪራይ ጭማሪ ገደብን ከጠየቃችሁ ድንገተኛ ጭማሪን ብቻ የሚከላከል ይሁን፣ አዲስ ግንባታንም አይንካ፤ በመሬት ማሻሻያው ምትክ ግን አትጠይቁት።

አሁን ደግሞ ማሻሻያው የማይችለውን ልናገር፤ ይህን ደብቆ የሚመክራችሁን ሰው አትመኑት። ደንብ ሲቀየር በዓመቱ ኪራይ አይወርድም። ሕንፃ ለመንደፍ፣ ፈቃድ ለማውጣትና ለመገንባት ሦስት አራት ዓመት ይሄዳል፤ የባንክ ወለድና የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ሲንር ደንቡ የፈቀደውን የሚሠራ ይጠፋል። የውኃና የፍሳሽ መስመር ያልደረሰበት ቦታ ላይ 8 ቤት መፍቀድ ለሁለት ቤት በተዘረጋ ቱቦ ላይ ችግር መጋበዝ ነው። ከሁሉም በላይ፣ ገቢያቸው በጣም ዝቅተኛ የሆኑ ቤተሰቦች የግንባታውን ወጪ እንኳ መሸፈን አይችሉም፤ ለእነርሱ የሕዝብ ገንዘብ ያስፈልጋል። ቪየና ከ1920ዎቹ ጀምሮ ይህን ስታደርግ ኖራለች፤ ዛሬ ከነዋሪዋ ግማሽ ያህሉ የሚኖረው በማዘጋጃ ቤቱ ወይም ትርፋቸው በሕግ በተገደበ ድርጅቶች በተሠሩ ቤቶች ነው። ሲንጋፖር በ1960 የቤቶች ልማት ቦርዷን አቋቁማ፣ በ1966 ባወጣችው ሕግ መሬት በስፋት ወስዳ፣ ከነዋሪዎቿ ከአሥሩ ስምንት ያህሉን በመንግሥት በተሠሩ ቤቶች ታኖራለች። ሁለቱም ግን ጠጋ ያለ ግንባታ ባይፈቀድላቸው ያንን ሁሉ ቤት የሚያቆሙበት መሬት አያገኙም ነበር። የደንብ ማሻሻያና የሕዝብ ቤት ተቃራኒ መንገዶች ተደርገው ሲቀርቡላችሁ አትቀበሉ፤ ያለ መጀመሪያው ሁለተኛው እጅግ ውድ ይሆናል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ቢባል ከመሬቱ ራሱ ሊመጣ ይችላል። ምክር ቤት በአንድ ፊርማ የአንድን ቦታ ዋጋ ሲያሳድግ ባለቤቱ ለዚያ ጭማሪ የሠራው ነገር የለም። ኮሎምቢያ በ1997 ባወጣችው ሕግ ማዘጋጃ ቤቶች በውሳኔያቸው ከተፈጠረው የመሬት ዋጋ ጭማሪ ከ30 እስከ 50 በመቶ እንዲወስዱ ፈቅዳለች። ሳኦ ፓውሎ በ2014 ፕላኗ ከቦታው ስፋት ጋር እኩል የሆነ ወለል ያለ ክፍያ ይሠራ፣ ከዚያ በላይ ለመሥራት የሚፈልግ ግን ለከተማው ይክፈል ብላለች፤ ከሚሰበሰበው ከፊሉ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ቤት የሚሠራበት መሬት ይገዛበታል። ክፍያው ግን ልክ ይኑረው። ከመጠን ካለፈ ግንባታው ይቆምና የሚሰበሰብ ገንዘብም አይኖርም። አልሚው ከሚሠራው ውስጥ የተወሰነውን በዝቅተኛ ዋጋ ያቅርብ የሚለው ግዴታም እንዲሁ ነው፤ በኦሪገን ያለችው ፖርትላንድ በ2017 ይህን ግዴታ 20 ቤትና ከዚያ በላይ ባለው ሕንፃ ላይ ስትጥል፣ ከ20 ዝቅ አድርጎ መሥራት በዛ።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ፤ ሁለቱም እናንተን ተከራዮቹን የሚመለከቱ ናቸው። የመጀመሪያው መፈናቀል ነው። አዲሱ ደንብ ተከራይ ያለበትን አሮጌ ሕንፃ ማፍረስን አትራፊ ካደረገ የመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች እናንተ ትሆናላችሁ። ስለዚህ በደብዳቤያችሁ ውስጥ ተከራይ ያለበት ሕንፃ ሲፈርስ የመዘዋወሪያ ወጪ እንዲከፈል፣ በአዲሱ ሕንፃም በቀድሞው ኪራይ አቅራቢያ የመመለስ መብት እንዲኖር በግልጽ ይጻፍ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ማሻሻያው ድሃው የሚኖርባቸውን ሰፈሮች ብቻ እንዳይመርጥ መታገል ነው። ብዙ ምክር ቤቶች ድምፁ የሚሰማውን የቪላ ሰፈር ሳይነኩ ፎቁን ሁሉ ተከራዩ በበዛበት መንደር ላይ ይጭኑታል፤ ካርታውን ስታዩ መጀመሪያ የምትመረምሩት ይህን ይሁን።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ፈቃዱ እንዴት እንደሚሰጥ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ የሕዝብ ውይይት ላይ የፕላን ባለሙያ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ደንቡን በሙሉ ያሟላ፣ 14 ቤት ያለው ሕንፃ ነበር የቀረበው። ስብሰባው በሥራ ቀን ጠዋት ስለነበር የመጡት በአካባቢው ቤት ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ጥላ ያጠላብናል፣ መኪና ይበዛብናል አሉ። ጉዳዩ ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ፤ ከዚያም ደግሞ ተቀጠረ። ሲበተን አንዲት ወጣት መምህርት እየሮጠች ደረሰች፤ ከክፍል አስፈቅዳ ነበር የመጣችው። «እኔ እኮ እዚያ ቤት ለመከራየት ነበር የምፈልገው» አለችኝ። ቃለ ጉባኤው ተዘግቶ ነበርና ቃሏ አልተጻፈም። ሕንፃውም ሳይሠራ ቀረ። በዚያ ቀን እኔም አንድም ጊዜ «በዚህ ቤት የሚኖሩት ሰዎች የት አሉ?» ብዬ አልጠየቅሁም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ወደፊት የሚገባው ነዋሪ ገና ስላልገባ በስብሰባው ላይ ወንበር የለውም። ስለዚህ ክርክሩ መደረግ ያለበት ደንቡ ሲወጣ አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደንቡን ያሟላ ሁሉ ሌላ ስብሰባና ሌላ ፊርማ ሳይጠየቅ በተቆረጠ ቀን ውስጥ ፈቃዱን ማግኘት አለበት። የጃፓን አሠራር በዚህ ያስቀናል፤ የዞኖቹ ዓይነት በአገር አቀፍ ሕግ የተወሰነ ሲሆን ከተማዎቹ ከዚያ ይመርጣሉ፣ በየዞኑም ለሰፈር ሰላም የሚያውኩ ነገሮች ጣሪያ ይቀመጥላቸዋል እንጂ መኖሪያ ቤት በዓይነት በዓይነቱ አይከለከልም። ለኢንዱስትሪ ብቻ ከተለየው ዞን በቀር መኖሪያ ቤት በሁሉም ይፈቀዳል።

ስለዚህ የምመክረው ይህ ነው፤ ቆርጬ ነው የምመክረው። ለተመረጡ ጥቂት ቦታዎች ሰማይ ጠቀስ ፎቅ የሚፈቅድ ማሻሻያን አትደግፉ። በምትኩ የውኃና የፍሳሽ መስመር በደረሰበት የመኖሪያ መሬት ሁሉ ላይ፣ የቪላ ሰፈሮችን ጨምሮ፣ 4 ወለል ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዞ እንዲሠራ ጠይቁ፤ በዋና የሕዝብ ማመላለሻ መንገዶች ዳር ደግሞ ከዚያ ከፍ ይበል። ከዚሁ ጋር ሳይነጣጠሉ የመኪና ማቆሚያ ግዴታው ይነሣ፣ ዝቅተኛው የቦታ ስፋት ይውረድ፣ በቦታ ስፋት የተቀመጠው የቤት ቁጥር ገደብ ይሰረዝ፣ ፈቃዱም ያለ ተጨማሪ ስብሰባ ይሰጥ በሉ። ከአራቱ አንዱ ከቀረ ሌሎቹን ሊያከሽፍ እንደሚችል ከላይ አይታችኋል። ከሚጨምረው የመሬት ዋጋ ልከኛ ክፍያ ይሰብሰብና ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ቤት መሥሪያ ይዋል፤ የተከራዩም መብት ይጠበቅ። ምክር ቤቱ ሁሉንም አልቀበልም ካለ ስፋቱን ጠብቃችሁ ከፍታውን ቀንሱ። በከተማው ሁሉ 3 ወለል፣ በአንድ ሰፈር ብቻ ከሚፈቀድ 20 ወለል ይበልጣል።

ደብዳቤውን ከሁለት ገጽ አታስበልጡት። ከፊቱ የሁለቱን ሥዕሎች ንጽጽር አድርጉ፤ በከተማችሁ ያለ አንድ እውነተኛ ቦታ ምረጡና ዛሬ ባለው ደንብ ስንት ቤት እንደሚወጣው፣ በምትጠይቁት ደንብ ስንት እንደሚወጣው አሳዩ። የምክር ቤት አባል ስለ ጥግግት የሚቀርብለትን ንግግር ሰምቶ ይረሳል፤ «እዚህ ቦታ ላይ 2 ወይስ 8?» የሚለውን ግን መመለስ ይገደዳል። ቤት ያላቸውንም አስፈርሙ፤ ልጆቻቸው በአቅራቢያቸው ቤት ማግኘት ያልቻሉ ብዙ ወላጆች አሉ፣ ከተከራይ ፊርማ በላይ የሚሰማውም የእነርሱ ነው። ውሳኔውም እንዳይቀለበስ ከወዲሁ አስቡበት። ኒውዚላንድ በ2021 በትልልቅ ከተሞቿ በአብዛኛው መኖሪያ ቦታ ላይ እስከ 3 ወለል የሆኑ 3 ቤቶችን ስትፈቅድ ገዢውም ተቃዋሚውም ተስማምተው ነበር፤ በ2023 ግን አንደኛው ፓርቲ ከስምምነቱ ወጣ። የሚኒያፖሊስ ፕላንም በአካባቢ ጥበቃ ሕግ ተከሶ በፍርድ ቤት ታግዶ ነበር፤ የግዛቱ ሕግ አውጪ በ2024 ሕጉን እስኪያስተካክል ድረስ ውሉ አልታወቀም። ስለዚህ ምክር ቤቱ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማውን ከደንቡ ጋር አብሮ እንዲያጸድቅ ጠይቁ።

በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ምክር ቤቱ በየዓመቱ ሦስት ቁጥሮችን ለሕዝብ እንዲያሳውቅ አስገቡ፦ በአዲሱ ደንብ ፈቃድ ያገኙ ቤቶች፣ ተሠርተው ሰው የገባባቸው ቤቶች፣ እና ለግንባታ ሲባል ቤታቸውን የለቀቁ ተከራዮች። በሦስተኛው ዓመት የመጀመሪያው ቁጥር ካልጨመረ ከእነዚያ ትንንሽ አንቀጾች አንዱ አሁንም እየበላው ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ያንኑ 10 በ20 ቦታ አውጥታችሁ የትኛው እንደሆነ እስክታገኙት ሣሉት።